ለመንዝ ዳገት የቱ ካም?

ሸዋሮቢት ከባሕር ጠለል በላይ 1,300 ሜትር ገደማ ነው። ከዚያ ተነስቶ በደብረ ሲና አድርጎ ጣርማበር የሚደርስ ፒክአፕ ከ3,000 ሜትር በላይ ወጥቷል። በሞላሌ በኩል ወደ መንዝ፣ ወደ መሐል ሜዳ ቢታጠፍም ከደጋው አይወርድም። ቆላ ላይ በሦስተኛ ማርሽ ይበር የነበረው መኪና እዚህ ሁለተኛን ይለምናል። ባለመኪናው አንዴ በናፍጣው፣ አንዴ በመካኒኩ ያሳብባል።

ጥፋቱ ግን የአየር ነው። በ3,000 ሜትር ከፍታ የአየር ግፊት ከባሕር ጠለሉ በ30 በመቶ ያህል ይቀንሳል። ቱርቦ የሌለው ሞተር ደግሞ በየ100 ሜትሩ አንድ በመቶ ያህል ጉልበት ያጣል። በላንድክሩዘር ፒክአፕ ላይ የሚታወቀው ዋን ኤችዜድ፣ ባለ 4.2 ሊትር ናፍጣ ሞተር፣ ከፋብሪካ ሲወጣ ወደ 130 የፈረስ ጉልበት ነበረው፤ መሐል ሜዳ ላይ ቢለካ 90 ያህሉ ቢገኝ ነው።

ይህን ጊዜ «ካሙን ብናስቀይረውስ?» የሚል ሐሳብ ይመጣል። ካምሻፍት ለመቀየርና ጊዜውን ለማዛወር በሌላው ዓለም ራሱን የቻለ ሙያ አለ፤ የእሽቅድምድም መኪና ሠሪዎች መጀመሪያ ከሚነኳቸው ነገሮች አንዱ ነው። ለመንዝ ዳገት ይሠራል ወይ ነው ጥያቄው።

ካምሻፍት በላዩ ላይ የእንቁላል ቅርጽ ያላቸው እብጠቶች የተደረደሩበት ዘንግ ነው። እያንዳንዱ እብጠት ሲዞር አንድ ቫልቭ ተጭኖ ይከፍታል፤ ሲያልፍ ሞላው ይዘጋዋል። ዋናው ዘንግ፣ ክራንክሻፍቱ፣ ሁለት ጊዜ ሲዞር ካሙ አንዴ ይዞራል። የእብጠቱ ቁመት ቫልቩ ምን ያህል እንደሚከፈት፣ ስፋቱ ደግሞ ለምን ያህል ጊዜ ክፍት እንደሚቆይ ይወስናል።

ቁም ነገሩ ያለው የመግቢያው ቫልቭ በሚዘጋበት ቅጽበት ላይ ነው። ፒስተኑ ታች ደርሶ መመለስ ከጀመረ በኋላም ይህ ቫልቭ ለጥቂት ክፍት ይቆያል። ሞተሩ በፍጥነት ሲዞር አየሩ ከያዘው ሩጫ የተነሳ መግባቱን ስለማያቆም መዘግየቱ ይጠቅማል። ቀስ ብሎ ሲዞር ግን ፒስተኑ የገባውን አየር በዚያው በር መልሶ ያስወጣዋል። የእሽቅድምድም ካም ቫልቩን ረጅም ጊዜ ከፍቶ የሚያቆይ ስለሆነ ጉልበቱን የሚሰጠው ላይኛው ዙር ላይ ነው። ገብስ ጭኖ ዳገት የሚወጣ ሾፌር የሚፈልገው ደግሞ ታችኛውን ነው። ዋን ኤችዜድ ከፍተኛውን የመጎተት አቅሙን የሚሰጠው በደቂቃ 2,200 ዙር ገደማ ላይ ነው።

ናፍጣ ሞተር ላይ ጉዳቱ ይብሳል። ናፍጣ የሚቀጣጠለው በካንዴላ ሳይሆን አየሩ ታምቆ በሚፈጥረው ሙቀት ነው። ከሚታመቀው አየር ጥቂቱ በቫልቩ በኩል ካመለጠ ሙቀቱም ይቀንሳል፤ በመንዝ ጠዋት ብርድ ሞተር ማስነሳት ደግሞ እንኳን እንዲህ ተደርጎ እንዲሁም አልጋ በአልጋ አይደለም። ከዚህም ሌላ ናፍጣ ሞተር ውስጥ ፒስተኑና ቫልቩ የሚተላለፉት ለጥቂት ነው፤ ከፍ ያለ እብጠት ያለው ካም ቢገባ ሊጋጩ ይችላሉ።

እንግዲህ ካም መነካት ካለበት ወደ ተቃራኒው ነው፦ ጊዜውን በጥቂት ዲግሪ ማስቀደም። የመግቢያው ቫልቭ ቀደም ብሎ ይዘጋል፣ በዝቅተኛ ዙር ብዙ አየር ይታመቃል፤ በልዋጩ ላይኛው ዙር ላይ ትንሽ ይጠፋል። ይህ ግን በዲግሪ የሚስተካከል ልዩ ፑሊ ይጠይቃል። ካሙን የሚያዞረውን ቺንጋ በአንድ ጥርስ በማዛወር የሚሞክር ካለ ይተወው። ፑሊው 48 ጥርስ ካለው አንዷ ጥርስ በክራንክሻፍቱ ሲለካ 15 ዲግሪ ናት፤ ከሚፈለገው እጅግ ይበልጣል።

ቤንዚን ሞተር ያላቸው አዳዲስ ፒክአፖች ይህን ሥራ ለኮምፒውተር ትተውታል። የሃይሉክስ ባለ 2.7 ሊትር ቤንዚን ሞተር በዘይት ግፊት ካሙን እየሄደ ያስቀድመዋል፣ ያዘገየዋል።

በአሮጌዎቹ ናፍጣዎች ላይ በተግባር የሚገኘው ትልቁ ትርፍ ፋብሪካው የሰጠውን ጊዜ መመለስ ነው። መካኒኩ የመጀመሪያውን ሲሊንደር ፒስተን ጫፍ ላይ ያደርሳል፤ የካሙን፣ የክራንክሻፍቱንና የፖምፓውን ምልክቶች ከየመስመራቸው ያገጣጥማል፤ ቺንጋውን ያስገባል። ከዚያ ሞተሩን ሳያስነሳ ክራንክሻፍቱን በቁልፍ በእጁ ሁለት ሙሉ ዙር አዙሮ ምልክቶቹ እንደገና መገጣጠማቸውን ያያል። ይቺን ሁለት ዙር የዘለለ ጋራዥ ሥራውን አልጨረሰም። የቫልቭ ክፍተትም መለካት አለበት፤ በዋን ኤችዜድ መግቢያው 0.2፣ መውጫው 0.4 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ክፍተቱ ከጠፋ ቫልቩ በደንብ ስለማይዘጋ እምቀቱ ይወርዳል።

ዳገት ላይ የሚታየው ጥቁር ጭስ ግን የካም ጉዳይ አይደለም፤ ለሳሳው አየር የበዛ ናፍጣ ነው። የሚስተካከለውም ፖምፓው ላይ ነው፤ አንዳንዶቹ ፖምፓዎች ከፍታ ሲጨምር ናፍጣ የሚቀንስ መሣሪያ ከፋብሪካ ይዘው ይመጣሉ። የጠፋውን አየር በእርግጥ የሚመልሰው ቱርቦ ነው።

የቺንጋ መቀየሪያ ጊዜን የምታስታውሰው፣ ዳሽቦርዱ ላይ «ቲ-ቤልት» የምትለው መብራት ብዙውን ጊዜ በ100,000 ኪሎ ሜትር ትበራለች። ይህች መብራት ቺንጋውን አታየውም፤ ኪሎ ሜትር ብቻ ነው የምትቆጥረው። ዳሽቦርዱ ከሌላ መኪና የመጣ ከሆነ ቁጥሯም የሌላ መኪና ነው። ናፍጣ ሞተር ላይ ቺንጋ ከተበጠሰ ፒስተንና ቫልቭ ይጋጫሉ፤ ቴስታታው ይወርዳል፣ ካሙ ራሱ ሊሰበር ይችላል። ስለዚህ ያገለገለ ፒክአፕ የገዛ ሰው ቺንጋው መቼ እንደተቀየረ ማስረጃ ካላገኘ፣ ወደ ጣርማበር ከመውጣቱ በፊት ቺንጋውንና መወጠሪያ ኩሽኔታውን አብሮ ያስቀይር፤ ቀኑንና ኪሎ ሜትሩንም የቺንጋው ሽፋን ላይ በቀለም ያስጽፍ።