ያውቁ ኖሯል? ከአዋሽ እስከ ዳሞታ፣ የደጋ ሰው መንገድ

ከአዲስ አበባ ወደ አርባ ምንጭ የሚወርድ ተጓዥ ወላይታ ሶዶን የሚያውቃት አብዛኛውን ጊዜ በምሳ ሰዓት ነው። ቁርጡን በዳታ በልቶ፣ ቡናውን ጠጥቶ፣ መኪናውን አስነሥቶ ወደ ሐይቆቹ ይወርዳል። ከከተማዋ በላይ የቆመውን ዳሞታ ተራራ ቀና ብሎ የሚያየው ጥቂት ነው። የዛሬው ዓምዳችን ለዚያ ተጓዥ ነው። በዚህ መንገድ ላይ የሰው ልጅ ታሪክ ከፍታ ከፍታውን ይዞ የሚሄድ ስለሆነ፣ እኛም በዚያው እንጓዝ።

ወደ ሶዶ የሚያደርሱ ሁለት የታወቁ መንገዶች እንዳሉ ያውቁ ኖሯል? በቡታጅራና በሆሳዕና በኩል 330 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በሻሸመኔና በሐላባ በኩል ደግሞ ሃምሳ ኪሎ ሜትር ያህል ይረዝማል። እኛ የመረጥነው የቡታጅራውን ነው። ርቀቱ ማጠሩ ብቻ አይደለም ምክንያታችን፤ የጉራጌን ተራሮች ተጠግቶ ስለሚያልፍ ከመኪና መውረጃ ሰበብ አያሳጣም።

ገና ሃምሳ ኪሎ ሜትር ያህል እንደሄዱ አዋሽን ሲሻገሩ፣ ከምድራችን እጅግ ጥንታዊ ከሆኑት የደጋ ሰፈሮች በአንዱ አጠገብ እያለፉ ነው። መልካ ቁንጡሬ ይባላል። ከፍታው 2,000 ሜትር ያህል ነው። በዚያ የተገኘ የአንድ ሕፃን መንጋጋ የሆሞ ኢሬክተስ መሆኑን፣ ዕድሜውም 2 ሚሊዮን ዓመት ገደማ መድረሱን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2023 በሳይንስ መጽሔት አሳትመዋል። ቀደምት ሰው ከሞቃታማው ስምጥ ሸለቆ ወጥቶ ብርድና ዝናብ ያለበትን ደጋ የለመደው ብዙዎች ከሚገምቱት እጅግ ቀደም ብሎ ነበር ማለት ነው። ዩኔስኮ ስፍራውን እ.ኤ.አ. በ2024 በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል። አብሮት የተመዘገበው በአቅራቢያው ያለው ባልጩት የተባለው ቦታ ነው፤ የዚያ ዘመን ሰዎች መሣሪያቸውን የጠረቡበት ጥቁር ባልጩት ድንጋይ የሚገኘው ከዚያ ነው። ይህን ድንጋይ ልብ ይበሉት፤ ወላይታም ስንደርስ እናገኘዋለን።

ከዚያው መንገድ ወጣ ብላ የምትገኘው አዳዲ ማርያም ከአለት የተፈለፈለች ቤተ ክርስቲያን መሆኗንስ? ትውፊቱ ከቅዱስ ላሊበላ ጋር ያያይዛታል። ላስታ ድረስ ለመሄድ ጊዜ ላጣ የአዲስ አበባ ሰው የግማሽ ቀን መንገድ ናት።

በዚሁ መንገድ ወደ ፊት ሲቀጥሉ ከሚያገኟት ጢያ ላይ ከቆሙት 36 ትክል ድንጋዮች 32ቱ የተቀረጹ ናቸው፤ ጎልቶ የሚታየው ቅርጽ ሰይፍ ነው። ስፍራው የመቃብር ቦታ ሲሆን እ.ኤ.አ. ከ1980 ጀምሮ በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል።

እግረ መንገድዎን ምድረ ከብድን አይለፉት። የአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ መካነ መቃብር እንደሆነ የሚታመንበት ገዳም ነው። በዓላቸው በጥቅምት 5 እና በመጋቢት 5 ሲከበር ምእመናን ወደዚህም፣ ወደ ዝቋላም ይጎርፋሉ። ዝቋላ ጫፉ ላይ ሐይቅ የተኛበት፣ 3,000 ሜትር ሊሞላ ጥቂት የቀረው ተራራ ነው። ምድረ ከብድ ያለበት ወረዳም ስሙ ሶዶ ነው፤ ነገር ግን ይህ የጉራጌው ሶዶ ነውና ወላይታ ደረስን ብለው ሻንጣ እንዳያወርዱ!

ሆሳዕናን አልፈው ወደ አረካ ሲቃረቡ ከመንገዱ ግራና ቀኝ የሚያዩት ሰፋፊ ቅጠል ሙዝ እንዳልሆነ ያውቁ ይሆናል፤ እንሰት ነው። አረካ ያለው የግብርና ምርምር ማዕከል በመቶዎች የሚቆጠሩ የእንሰት ዝርያዎችን ከየአካባቢው ሰብስቦ እያለማ እንደሚጠብቅስ ያውቁ ኖሯል? እንሰት ድርቅ ሲመጣ ቶሎ እጅ አይሰጥም፤ አዝመራ ባልደረሰበት ወርም ተቆርጦ ይበላል። ሥራው ግን ከባድ ነው፣ የሚወድቀውም በሴቶች ላይ ነው። ግንዱን በዘነበለ ሳንቃ ላይ አጋድመው፣ በአንድ እግራቸው ደግፈው፣ በተሰነጠቀ ቀርከሃ ወደ ታች ይፍቁታል። ቃጫው በአንድ ወገን ይቀራል፣ ነጩ ሥጋ በሌላ በኩል ይወርዳል። ከዚያ በቅጠል በተለበጠ ጉድጓድ ተቀብሮ ይብላላል። ቆጮ ሲቀርብልዎ ቂጣው ከመጋገሩ በፊት ይህን ሁሉ ጉልበት እንዳለፈበት ቢያውቁ ለባለቤቷ የሚያቀርቡት ምስጋና ከወትሮው ይበልጥ ነበር።

የወላይታ ግቢ አቀማመጡ ራሱ የእርሻ ዕውቀት ነው። ከቤቱ ፊት ሣር የለበሰ መስክ አለ፤ እንግዳ የሚቀበሉበት፣ ከብት የሚታሰርበት ነው። ከቤቱ ጓሮ እንሰትና ቡና፣ ራቅ ሲል ቦይና (ጎደሬ)፣ ስኳር ድንችና በቆሎ ይከተላሉ። ፍግ የሚጠግበው ለቤቱ የቀረበው ማሳ ዳርኳ፣ የሩቁ ደግሞ ሾቃ ይባላል። ወላይታ ከአገራችን ገጠሮች እጅግ ሰው ከሚበዛባቸው አንዱ ነው፤ በዚያች ጠባብ መሬት ያን ሁሉ ቤተሰብ ያኖረው ይህ አደራደር ነው።

በቦሎሶ ቦምቤ በኩል የአጆራ መንትያ ፏፏቴዎች አሉ። ሁለት ወንዞች፣ አጃቾና ሶኬ፣ ጎን ለጎን ከገደል ተወርውረው ወደ ኦሞ ይወርዳሉ። ክረምት ሲወጣ ይሂዱ፤ ውኃው ሙሉ፣ ሰማዩም ጥርት ያለ ይሆናል።

ሶዶ ደረስን። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል የፖለቲካና የአስተዳደር መቀመጫ ናት። ከዚያ በፊትም ቢሆን የሆሳዕና፣ የሻሸመኔ፣ የአርባ ምንጭና የዳውሮ መንገዶች የሚገናኙባት መናኸሪያ ነበረች።

አሁን ወደ ዳሞታ ቀና እንበል። ከባሕር ጠለል በላይ 2,900 ሜትር ገደማ ነው። ከተራራው በደቡብ ምዕራብ ጎን፣ 2,200 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ፣ ሞቼና ቦራጎ የተባለ ትልቅ የዋሻ ጥላ አለ። በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ የፈረንሳይ ቡድን፣ ከ2006 ጀምሮ ደግሞ በፍሎሪዳ ዩኒቨርሲቲው ስቲቨን ብራንት የሚመራው ቡድን ቆፍረውታል። እዚያ የተገኘው የሰው አሻራ 50 ሺህ ዓመት ገደማ ወደ ኋላ ይወስዳል። ሰዎቹ የተገለገሉበትም ያው ባልጩት ነው፤ የድንጋዩ መገኛ፣ ባንቱ፣ እዚያው ወላይታ ውስጥ ነው። ዋናው ጥያቄ ግን ከድንጋዩም ይሰፋል። በዚያ ዘመን አፍሪካ በየጊዜው እየደረቀች ሰዎች ከብዙ ስፍራ ሲጠፉ፣ ዝናብ ያልተለያቸው የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ተራሮች መጠጊያ ሆነው ይሆን? ቆፋሪዎቹን ወደ ዳሞታ ያመጣቸው ይህ ሐሳብ ነው። በባሌ፣ ፊንጫ ሐበራ በተባለ 3,469 ሜትር ከፍታ ላይ ባለ ዋሻም ከ47 ሺህ ዓመት በፊት ጀምሮ ሰዎች ይኖሩ እንደነበር እ.ኤ.አ. በ2019 ታውቋል፤ ምግባቸውም በአብዛኛው ትልልቅ የፍልፈል ዘር ነበር። የባሌው ወሬ ዓለምን ሲያዳርስ የዳሞታው ግን እዚያው ሶዶ ከተማ ውስጥ እንኳ በቅጡ አልተሰማም። ልጆቻችን ከየትምህርት ቤታቸው በእግራቸው ወጥተው ሊያዩት የሚችሉት ቅርስ ነውና ይህ ያሳዝነኛል።

ዳሞታ በገዳማት ታሪክም ስም አለው። የአቡነ ተክለ ሃይማኖት ገድል፣ ጻድቁ በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ወደ ዳሞት ወርደው ንጉሥ ሞተለሚን እንዳጠመቁ ይተርካል። የወላይታ ትውፊት ይህን ታሪክ ከተራራው ጋር ያገናኘዋል፤ በወላይታ ያለው የደብረ መንክራት አቡነ ተክለ ሃይማኖት ገዳምም የሚታወሰው በዚሁ ነው።

የወላይታ ነገሥታት አገራቸውን በድንጋይ ካብ አጥረው ይጠብቁ እንደነበርስ? የካዎ (የንጉሥ) አማዶ ካብ ከእነዚያ አንዱ ነው። የመጨረሻው ንጉሥ ካዎ ጦና በ1887 ዓ.ም. በዐፄ ምኒልክ ጦር እስኪሸነፉ ድረስ ሕዝቡ ብርቱ መከላከል አድርጓል። በዘመቻው የነበረው ፈረንሳዊ ቫንደርሄም ያየውን በመጽሐፍ አሳትሟል፤ የተገደለውና የተማረከው ሕዝብ ብዛት በዚያ ተጽፎ ይገኛል። መከራው ትልቅ ነበር፤ ካቡን ለማየት የሚሄድ ሰው ይህንንም አውቆ ይሂድ።

ኤስ.አይ.ኤም. የተባለው ሚሲዮን ሶዶ የገባው እ.ኤ.አ. በ1928 ነው። በ1937 በጣሊያን ወረራ ምክንያት ሚሲዮናውያኑ ሲወጡ ትተዋቸው የሄዱት አማኞች ሃምሳ አይሞሉም ነበር። ጦርነቱ አልፎ ሲመለሱ ያገኙት ወደ አሥር ሺህ ነው። ወንጌሉን ተራራ ለተራራ፣ እስከ ጋሞና ዳውሮ ድረስ በእግራቸው ያደረሱት የአገሩ ሰዎች ናቸው።

ከሶዶ በስተ ምዕራብ፣ በወላይታና በዳውሮ መካከል፣ ኦሞን የገደበው ግልገል ጊቤ ሦስት 243 ሜትር ከፍታ አለው። ኃይሉ 1,870 ሜጋ ዋት ሲሆን የተመረቀው በታኅሣሥ 2009 ዓ.ም. ነው። ውኃው ወደ ኋላ 150 ኪሎ ሜትር ያህል ተኝቷል።

ወደ አርባ ምንጭ ሲያቀኑ ሁምቦ ላይ መኪናውን ያቁሙና ተራሮቹን ይመልከቱ። እዚህ ላይ ጥቂት ልቆይ። ከሃያ ዓመት በፊት እነዚህ ተራሮች ራቁታቸውን ነበሩ፤ ጎርፉ አፈሩን ጠርጎ ወደ ታች ያወርደው ነበር። ገበሬዎቹ ታዲያ ችግኝ ከመትከል ይልቅ መሬት ውስጥ በሕይወት የቀረውን ጉቶ መንከባከብ ጀመሩ። ጉቶው ብዙ ቡቃያ ያወጣል። ከእነዚያ ጠንካሮቹን ጥቂት መርጦ ማስቀረት፣ ሌሎቹን በስለት ማንሣት፣ የቀሩትንም ዝቅ ያለ ቅርንጫፋቸውን መግረዝ ነው። ሥሩ አሮጌ ስለሆነ ዛፉ በፍጥነት ይነሣል። ከብት እንዳይገባ ተከለከለ፣ ሣሩ በአጨዳ ብቻ ሆነ። በወርልድ ቪዥን ድጋፍ ሰባት የደን ኅብረት ሥራ ማኅበራት ተቋቁመው 2,728 ሔክታር አለሙ። እ.ኤ.አ. በ2009 በአፍሪካ በዓይነቱ የመጀመሪያው ትልቅ የደን ካርቦን ፕሮጀክት ሆኖ ተመዘገበ፤ የዓለም ባንክም ካርቦኑን ገዛ። በ30 ዓመት ውስጥ ከአየር ይሰበስባል የተባለው 880 ሺህ ቶን ነው። ገበሬዎቹ ከገንዘቡ ወፍጮና የእህል መጋዘን ሠሩበት። ዳሞታም ላይ በዚሁ መንገድ 503 ሔክታር አገግሟል። ለእኔ በዚህ ጉዞ ላይ ከሚታየው ሁሉ የሚበልጠው ይህ ነው፤ ያለቀለት የተባለ ተራራ በባለቤቶቹ እጅ ሲመለስ በዓይን ይታያል።

ከዳሞታ ጫፍ እስከ አባያ ዳር ከፍታው 1,700 ሜትር ያህል ይወርዳል። በየሺህ ሜትሩ ሙቀቱ ስድስት ዲግሪ ተኩል ያህል ስለሚጨምር፣ ጠዋት ጋቢ ያስለበሰዎት አገር ከሰዓት በኋላ ሸሚዝ ያስወልቅዎታል። አባያ ራሱ ከኢትዮጵያ ስምጥ ሸለቆ ሐይቆች በስፋት አንደኛ ነው፤ ቀይ ቡናማ መልኩም ከዓመት ዓመት አይለቀውም።

ምዕራብ አባያ ላይ ወደ ቀኝ፣ ወደ ጋሞ ደጋ ቀና ካሉ ጥንታዊቷ ብርብር ማርያም አለች፤ የብራና መጻሕፍቷን እስከ ዛሬ ጠብቃለች። ከአርባ ምንጭ ደግሞ 37 ኪሎ ሜትር ወጥተው ጨንቻ ይደርሳሉ፤ ከፍታው 2,700 ሜትር ያህል ስለሆነ ውኃ የሚፈላው በ91 ዲግሪ ገደማ ነው። ዶርዜ ላይ የዝሆን ራስ የሚመስለው የቀርከሃ ቤት ግርጌው በምስጥ ሲበላ ባለቤቱ የተበላውን ይቆርጠዋል። ቤቱ ከዓመት ዓመት እያጠረ ይሄዳል፤ ከፈለጉም ጎረቤት ተሰብስቦ ተሸክሞት ወደ ሌላ ቦታ ይወስደዋል።

በዚሁ የጋሞ ደጋ፣ ሞታ በተባለ ዋሻ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2012 የተቀበረ ሰው አጥንት ተገኘ። ባይራ ተባለ። የኖረው ከ4,500 ዓመት በፊት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው ዘረመሉም ከአፍሪካ ጥንታዊ ሰው ሙሉ ሆኖ የተነበበ የመጀመሪያው ነው። ከዛሬዎቹ ሕዝቦች በጣም የሚቀርቡት አሪዎች ሆነው ተገኙ። ተመራማሪዎቹ ስለ መላው አፍሪካ የሰጡት አንድ ድምዳሜ ግን በስሌት ስሕተት እንደሆነ ራሳቸው ደርሰውበት በማግሥቱ ዓመት አርመዋል። ባይራ ላይ ከተነበቡት የዘር ምልክቶች መካከልም ከከፍታ ኑሮ ጋር የሚያያዙት ሦስቱ ይገኙበታል።

ለጉዞው መስከረምን ይምረጡ። የወላይታ ዘመን መለወጫ ጊፋታ ከመስከረም 14 እስከ 20 ባለው እሑድ ይውላል። ያን ሰሞን ሶዶ በእንግዳ ትሞላለችና ማደሪያ አስቀድመው ይያዙ። ለዳሞታ አንድ ሙሉ ቀን ይተዉለት፤ ጠዋት ጉም ስለሚሸፍነው እስኪገለጥ ድረስ ከአገሩ ሰው ጋር ቡና ይጠጡ፣ መንገዱንም የሚያውቅ አስጎብኚ እዚያው ይጠይቁ።