የምግብ ቧንቧው ተቋርጦ ለሚወለድ ጨቅላ፦ ከእንጅባራና ዳንግላ የሚጀምር የማገገም እንክብካቤ

የምግብ ቧንቧ ከጉሮሮ ተነሥቶ እስከ ጨጓራ ይወርዳል። ከ2,500 እስከ 4,500 ከሚደርሱ ልደቶች በአንዱ ግን ቧንቧው ደረት ውስጥ ተቋርጦ ይገኛል። የላይኛው ክፍል እንደ ከረጢት ተደፍኖ ይቀራል፤ የታችኛው ደግሞ ከ100 እንዲህ ካሉ ሕፃናት በ85ቱ ገደማ ላይ ከአየር ቧንቧ ጋር ተያይዞ ይወለዳል። ሕፃኑ ምራቁን እንኳ መዋጥ ስለማይችል አፉ አረፋ ይደፍቃል፣ ጡት ሲይዝ ትን ይለዋል፣ ከንፈሩ ይጠቁራል። የጨጓራው አሲድም ሁለቱ ቧንቧዎች በተያያዙበት ቀዳዳ ወደ ሳንባው ይገባል። ያለ ቀዶ ሕክምና አይተርፍም።

ቧንቧውን በአንድ ጊዜ ቀዶ ሕክምና በተሳካ ሁኔታ ለመጀመሪያ ጊዜ ያገናኘው ካሜሮን ሃይት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1941፣ በአሜሪካ ሚሺጋን። ዛሬ በበለጸጉት አገሮች ከ10 ሕፃናት 9ኙ ይድናሉ። እንደ ኢትዮጵያ ባሉ ዝቅተኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ግን ነገሩ ይለያል። ላንሴት የሕክምና መጽሔት እ.ኤ.አ. በ2021 ያወጣው በ74 አገሮችና በ264 ሆስፒታሎች የተካሄደ ጥናት፣ ይህንኑ ጨምሮ 7 ዓይነት የምግብ መፍጫ ሥርዓት የአፈጣጠር ችግሮችን ተመልክቷል። ዝቅተኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ከ100 ሕፃናት 40 ያህሉ ሲሞቱ፣ ከፍተኛ ገቢ ባላቸው ግን የሚሞቱት ከ6 ያነሱ ናቸው። ይህን ያህል ልዩነት የቀዶ ሐኪም እጅ ብቻውን አያመጣውም። ብርድ፣ የሳንባ ምች፣ የደም መመረዝና የምግብ እጥረት ከቀዶ ሕክምናው በፊትም በኋላም ብዙ ሕፃናትን ይወስዳሉ።

እነዚህን ክፍተቶች ለመድፈን ሊያግዝ የሚችለው ፈጥኖ የማገገም እንክብካቤ የሚባለው ዘርፍ ነው። ዴንማርካዊው ሄንሪክ ኬሌት እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ለአንጀት ቀዶ ሕክምና አዋቂ ታማሚዎች የጀመረው ሐሳብ፣ እ.ኤ.አ. በ2020 ለጨቅላ ሕፃናት የአንጀት ቀዶ ሕክምና መመሪያ ወጣለት። ሙቀት መጠበቅ፣ ፀረ ተሕዋስያን መድኃኒት ቆዳው ከመቀደዱ በፊት ባሉት 60 ደቂቃዎች ውስጥ መስጠት፣ ፈሳሽ አለማብዛት፣ ሞርፊንን መቀነስ፣ የእናት ጡት ወተት ቶሎ መጀመር፣ ወላጆችን የሕክምናው አካል ማድረግ ዋና ዋናዎቹ ናቸው። የምግብ ቧንቧ ደረት ውስጥ ስለሆነና ስፌቱ ስስ ስለሆነ መመሪያው እንዳለ አይገለበጥለትም፤ መንፈሱ ግን ያው ነው።

እንጅባራና ዳንግላ በሚገኙበት በአዊ ዞን ለሚወለድ ሕፃን ይህ እንክብካቤ መቆጠር ያለበት ከቀዶ ሕክምናው ክፍል ሳይሆን ከተወለደበት ሰዓት ነው። ከዳንግላ እስከ ባሕር ዳር 80 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ከእንጅባራ ደግሞ 120 ገደማ ነው። ፈለገ ሕይወትና ጥበበ ግዮን ሆስፒታሎች ያሉት ባሕር ዳር ነው፤ ጉዳዩ ከከበደ መንገዱ እስከ አዲስ አበባ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ይረዝማል። እንጅባራ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,500 ሜትር በላይ ላይ ያለች ብርዳም ከተማ ናት፤ በክረምት ሌሊት ሪፈር የተባለ እርጥብ ጨቅላ አምቡላንስ ውስጥ በጥቂት ደቂቃ ይቀዘቅዛል።

ምርመራው ውድ መሣሪያ አይጠይቅም። አዋላጇ አረፋ የሚደፍቅ ሕፃን ስታይ ቀጭን የምግብ ቱቦ በአፉ ትሰድዳለች፤ ቱቦው 10 ሳንቲ ሜትር አካባቢ ላይ እምቢ ካለ መጠርጠር ይበቃል፤ ራጅ ከተገኘ ቱቦው ተጠምዝዞ ይታያል። ከዚያ በኋላ ሕፃኑ ምንም አይቀመስም። በገጠሩ አራስ ልጅን ጥሬ ቅቤ ወይም ስኳር ውሃ የማቅመስ ልማድ ገና አልጠፋምና፣ ይህን ለአያቶች በአዊኛም በአማርኛም ማስረዳት ከመድኃኒቱ እኩል ይቆጠራል። ምግቡ በደም ሥር በሚሰጥ ግሉኮስ ይተካል። ጭንቅላቱ ከፍ ይላል፣ ምራቁ በየጥቂት ደቂቃው ይመጠጣል፣ ትንፋሹ ካላስገደደ በቀር በጭንብል አየር አይነፋበትም፤ አየሩ ጨጓራውን ነፍቶ ትንፋሹን ያባብሰዋልና። ኢንኩቤተር ያለው አምቡላንስ ካልተገኘ የእናት ደረት አለ። ቆዳ ለቆዳ ማቀፍ በኮሎምቢያ ቦጎታ እ.ኤ.አ. በ1978 የተጀመረው ኢንኩቤተር ስላልበቃ ነበር። እናቲቱ ከወሊድ ደክማ ከሆነ አባትየው ያቅፈው፤ ቀና ብሎ መታቀፉም ለዚህ ሕፃን ይስማማዋል።

ቀዶ ሐኪሙ ሁለቱን ጫፎች ሲሰፋ በስፌቱ ውስጥ ቀጭን ቱቦ ወደ ጨጓራ ያሳልፋል። የታለበ የእናት ወተት በዚያ በኩል፣ ብዙ ጊዜ በመጀመሪያው ወይም በሁለተኛው ቀን፣ ጠብ ጠብ እየተደረገ ይጀመራል። በደም ሥር የሚሰጥ ሙሉ ምግብ እንደ ልብ በማይገኝበት አገር ይህች ቱቦ የሕፃኑ ማዕድ ናት። ስለዚህ በፕላስተር በደንብ ትያዛለች፤ ከወጣችም ነርስ መልሳ አትከታትም፣ ስፌቱን ልትበሳው ትችላለችና ለቀዶ ሐኪሙ ይነገራል። የምራቅ መምጠጫውም ከተለካለት ምልክት አልፎ አይገባም፣ አንገቱም ወደ ኋላ አይለጠጥም። ለሕመሙ ፓራሲታሞል በሰዓቱ ከተሰጠ የሞርፊኑ መጠን ይቀንሳል፤ ሕፃኑም ከመተንፈሻ ማሽን ቶሎ ይላቀቃል። ከ5 እስከ 7 ቀን ባለው ጊዜ ብዙ ሆስፒታሎች ስፌቱ አለማፍሰሱን በራጅ አይተው ጡት ያስጀምራሉ። ጫፎቹ ተራርቀው ሊገናኙ ያልቻሉለት ሕፃን ግን በሆዱ በኩል እየተመገበ ወራት ይጠብቃል።

እኔን በጣም የሚያሳስበኝ የእናቲቱ ጉዳይ ነው። ወተት የምታልበው እሷ ናት፤ ግን ከጓንጓ ወይም ከባንጃ ወረዳ የመጣች አራስ የምትተኛበት አልጋና ትኩስ ምግብ ካላገኘች ወተቱ ይደርቃል። ለሷ የሚደረግ መኝታና ሾርባ የሕፃኑ ሕክምና ወጪ ውስጥ መግባት አለበት።

ወደ ቤት ሲመለሱ ደግሞ ሌላ ክትትል ይጀመራል። ስፌቱ ሊጠብብ ስለሚችል አንዳንዱ ሕፃን በየጊዜው ቧንቧውን ማስፋት ያስፈልገዋል። እንደ ውሻ ጩኸት ያለ ሳል የአየር ቧንቧው ከመልፈስፈሱ ሊመጣ ይችላል፤ ጉንፋን ነው ተብሎ ግን ይታለፋል። 6 ወር ሞልቶት ምግብ ሲጀምር የአዊ ድንች ተቀቅሎ፣ ልሞ፣ በወተት ቀጥኖ ይሰጠዋል እንጂ በቁራሽ አይጎረስም። የመውጫ ወረቀቱ ላይ ይህ ሁሉ ተጽፎ አንድ ቅጂ ለቀበሌው ጤና ኬላ ቢላክ፣ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ክብደቱን በየወሩ መዝና፣ መዋጥ ሲያቅተው ወይም ምግብ ሲያንቀው ወደ ባሕር ዳር መልሳ ትልከዋለች።