ነጻ ናሙና ለምን ይሰጣል? ስለ ዱቄት ወተት፣ ስለ መድኃኒት ናሙናና ስለ ትል መድኃኒት ማወቅ ያለብዎ

ሶዶ ገበያ ቅቤ ሲገዙ ሻጯ ቆንጥረው እንዲቀምሱ ትፈቅድልዎታለች። ካልጣመዎት ትተው ይሄዳሉ፤ የሚያጡት ነገር የለም። የኩባንያዎች ነጻ ናሙናም ሲታይ ይህንኑ ይመስላል። ነገር ግን ጤናን የሚነኩ አንዳንድ ምርቶች ቀምሰው የሚተዉ አይደሉም።

ኩባንያዎች ናሙና በነጻ የሚሰጡት ለምንድን ነው?

• ሰው የማያውቀውን ምርት በገንዘቡ መሞከር ስለሚፈራ፣ ይህን ፍርሃት ለማስቀረት
• ምርቱን ለጥቂት ቀናት የተጠቀመ ሰው እንዲለምደው
• በነጻ የተቀበለ ሰው ውለታ ስለሚሰማው
• ናሙናው በጤና ባለሙያ እጅ ሲሰጥ ባለሙያው የመከረው ስለሚመስል

የናሙናው ወጪ ከጊዜ በኋላ ከገዢው ኪስ ይመለሳል።

የሕፃናት ዱቄት ወተት

ከሁሉም በላይ ጥንቃቄ የሚፈልገው ይህ ነው። የጡት ወተት የሚመረተው ሕፃኑ በሚጠባው ልክ ነው። ሕፃኑ በጡጦ ሲጠግብ ጡት የሚጠባው ይቀንሳል፤ ጡት ካልተጠባ ደግሞ ወተቱ እያነሰ ይሄዳል። 400 ግራም የሚይዝ ጣሳ የሁለት ወር ሕፃን ብቻውን ቢመገበው አንድ ሳምንት እንኳ አይሞላም። ነጻው ጣሳ ሲያልቅ የእናትየው ወተት ቀንሶ ሊሆን ይችላል። ከዚያ በኋላ መግዛት ግዴታ ይሆናል። ብዙ ቤተሰብ በዚህ ጊዜ ጣሳው እንዲበረክት ወተቱን ያቀጥናል፤ ሕፃኑም ይከሳል። ውኃው ወይም ጡጦው ንጹሕ ካልሆነ ተቅማጥ ይከተላል።

ይህ አዲስ ነገር አይደለም። ቀደም ባሉት ዓመታት በአፍሪካና በእስያ የነርስ ልብስ የለበሱ የኩባንያ ሠራተኞች ለወላዶች ናሙና ያድሉ ነበር። በ1977 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የኔስሌን ምርቶች ያለመግዛት ዘመቻ ተጀመረ። በ1981 እ.ኤ.አ. ደግሞ የዓለም ጤና ጉባኤ የጡት ወተት ምትክ ምርቶችን ግብይት የሚመራ ዓለም አቀፍ ደንብ አጸደቀ። በደንቡ መሠረት አምራቾች ለነፍሰ ጡሮች፣ ለእናቶችና ለቤተሰቦቻቸው ናሙና መስጠት የለባቸውም።

ሕፃኑ በተወለደ በአንድ ሰዓት ውስጥ ጡት ይጀምር፤ እንገሩንም ይጥባ። እስከ 6 ወር ከጡት ወተት በቀር ውኃም ቢሆን አያስፈልገውም። እናት ስትሞት ወይም በሕክምና ምክንያት ማጥባት ሳትችል ስትቀር ዱቄት ወተት አስፈላጊ ይሆናል፤ ይህ ግን በባለሙያ ምክር እንጂ በናሙና አይወሰንም።

የመድኃኒት ናሙና

የመድኃኒት አስተዋዋቂዎች ለሐኪሞች ናሙና ይሰጣሉ። አብዛኛውን ጊዜ ናሙናው ውድ የንግድ ስም ያለው መድኃኒት ነው። ለአጭር ሕመም ከሆነ ችግሩ ያን ያህል ላይሆን ይችላል። ለደም ግፊት ወይም ለስኳር ሕመም ግን መድኃኒቱ ለዓመታት የሚወሰድ ነው። ናሙናው ሲያልቅ ዋጋው ከአቅም በላይ ሆኖ ሕክምናውን የሚያቋርጥ ሰው ለስትሮክና ለልብ ሕመም ይጋለጣል።

መፍትሔው የመድኃኒቱን ዋና ስም መጠየቅ ነው። ለምሳሌ አምሎዲፒን የተባለው የግፊት መድኃኒት በብዙ የንግድ ስሞች ይሸጣል። ዋጋቸው ቢለያይም በውስጣቸው ያለው መድኃኒት አንድ ነው።

በትምህርት ቤት የሚሰጠው የትል መድኃኒትስ?

«ነጻ ነገር ሁሉ ወጥመድ ነው» ብለው ልጅዎን ከትል መድኃኒት አያስቀሩ። በወላይታ ዞን የሆድ ትልና ቢልሃርዚያ የቆዩ ችግሮች ናቸው። እነዚህን ለማጥፋት በዞኑ የተካሄደው ፕሮግራም ስሙ ገሽያሮ ነው፤ ቃሉ በወላይትኛ ንጽሕና ማለት ነው። የቢልሃርዚያ መድኃኒት የሆነውን ፕራዚኳንቴል የጀርመኑ መርክ ኩባንያ ከ2007 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዓለም ጤና ድርጅት በኩል ይለግሳል። ኩባንያው በዚህ መልካም ስም ያተርፋል። መድኃኒቱ ግን በአንድ ጊዜ ተወስዶ ሥራውን ይሠራል፤ ልጅዎን የዘወትር ገዢ አያደርገውም። ከወሰደ በኋላ ቀላል የሆድ ቁርጠት ወይም ማቅለሽለሽ ሊሰማው ይችላል፤ ቶሎ ያልፋል። ምግብ በልቶ ቢወስደው ይሻላል።

ከመቀበልዎ በፊት ይጠይቁ

1. ነጻው ሲያልቅ ምን ይከተላል? መግዛት ይኖርብኛል ወይ?
2. በየወሩ ለመግዛት አቅሜ ይፈቅዳል?
3. ተመሳሳይና ርካሽ መድኃኒት አለ? በጤና መድን ይሸፈናል?
4. የሚሰጠኝ ማን ነው? ጤና ጣቢያው ያውቀዋል?
5. የአገልግሎት ጊዜው አላለፈም? ማሸጊያው አልተከፈተም?

ዱቄት ወተት ጀምረው ከሆነ ተስፋ አይቁረጡ። ሕፃኑን ቀንም ሌሊትም ደጋግመው ካጠቡት ወተቱ አብዛኛውን ጊዜ ይመለሳል። ዱቄት ወተቱን ግን በአንድ ጊዜ አያቋርጡ፤ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋን ወይም በአቅራቢያዎ ያለውን ጤና ጣቢያ ያማክሩ። ሕፃኑ አልጠባ ካለ፣ ሽንቱ ከቀነሰ፣ ከፈዘዘ ወይም ተቅማጥ ከያዘው በዚያው ዕለት ወደ ጤና ተቋም ይውሰዱት።