ልጅዎ ስልኳ ላይ ምን ትሠራለች?

ከሥራ ደክመው ሲገቡ ልጅዎን ስልኳ ላይ አፍጥጣ ቢያገኟት፣ ከመቆጣትዎ በፊት ምን እንደምትሠራ ይጠይቋት። ለዩኒቨርሲቲ ማመልከቻዋ ሥራዋን የሚያሳይ የኢንተርኔት ገጽ እያዘጋጀች ይሆናል።

ለአገራችን የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ወሳኙ የፈተና ውጤት ነው። ወደ አሜሪካ ለምታመለክት ግን፣ ኮመን አፕ የተባለው ማመልከቻ ከክፍል ውጭ የሠራቻቸውን እስከ 10 ተግባራት ይጠይቃታል፤ ለእያንዳንዱ መግለጫ የሚፈቅደው ደግሞ 150 ፊደል ብቻ ነው! የቀረውን ማየት ለሚሻ ገጿ ያሳየዋል።

የፒያሳ ልጅ የምታቀርበው አታጣም። በ2016 ዓ.ም. የፈረሰውን የዶሮ ማነቂያን ፎቶግራፎች ከነባር ጎረቤቶች በፈቃዳቸው ሰብስባ ታሪካቸውን ብትጽፍበት፣ በገንዘብ ከተገዛ የምስክር ወረቀት እጅግ ይልቃል። ስልክ ቁጥሯና የቤት አድራሻዋ ግን አይውጣ። ‹‹እኛ እንሞላልሻለን›› የሚል ደላላ የይለፍ ቃሏን ቢጠይቃትም አትስጠው።