ሦስት ሞተር፣ ትንሽ ክንፍ

የአሜሪካው ማርቲን ኩባንያ ኤክስቢ-51 የተባለውን ቦምብ ጣይ ጄት ለመጀመሪያ ጊዜ ያበረረው እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 28 ቀን 1949 ነው (ሌሎቹም ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። አውሮፕላኑን በፎቶ ያየ ሰው ዓይኑ መጀመሪያ የሚፈልገው ሞተሩን ነው። አብዛኞቹ ጄቶች ሞተራቸውን ከክንፋቸው ሥር ያንጠለጥላሉ፣ ወይም ክንፋቸው ውስጥ አለዚያም ሆዳቸው ውስጥ ይቀብራሉ። የኤክስቢ-51 ክንፍ ግን ባዶ ነው። ሁለቱ ሞተሮች ከአብራሪው ወንበር ኋላ፣ ከሆዱ ግራና ቀኝ ዝቅ ብለው ተለጥፈዋል። ሦስተኛው ጭራው ውስጥ ተሸሽጓል፤ አየር የሚስበውም ከጀርባው ላይ፣ ከቋሚው ጭራ ሥር በተከፈተ አፍ ነው። አግድሙ ጭራ ደግሞ የቋሚው ጫፍ ላይ ወጥቶ ተሰቅሏል። መሐንዲሶቹ በልማድ የሚሠራ አንዳች ነገር ላይተዉ የተማማሉ ይመስላል።

ከዚህ ዓይነት የተሠሩት ሁለት ብቻ ናቸው፤ ሁለቱም ተከስክሰዋል። የሚገርመው ግን ሌላ ነው። ማርቲን የአሜሪካ አየር ኃይል ቦምብ ጣይ ለመምረጥ ባካሄደው ውድድር ከተሸነፈ በኋላ፣ ያሸነፈውን የእንግሊዞች አውሮፕላን በዚያው በሜሪላንድ ፋብሪካው ማምረት ጀመረ፤ በጠቅላላው 403 ሠራ። አሸናፊው ካንቤራ ነበር። የቀድሞ የአየር ኃይላችንን ታሪክ የሚከታተል አንባቢ ስሙን አይስተውም።

ነገሩ የሚጀምረው ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ባበቃበት ሰሞን ነው። የአሜሪካ ጦር ኢንቬደር የተባለውን ባለ ፕሮፔለር ቦምብ ጣይ የሚተካ፣ መሬት ታክኮ እየበረረ እግረኛውን የሚደግፍ ፈጣን አውሮፕላን ፈለገ። “መሬት ታክኮ” እና “ፈጣን” የሚሉት ሁለት ነገሮች አብረው ሲመጡ ሥራው ይከብዳል። ወደ መሬት ሲጠጋ አየሩ ጥቅጥቅ ያለ ነው፤ አውሮፕላኑን ወደ ኋላ ይይዘዋል። የሚረብሽም ነው፤ ፀሐይ ካጋለው ሜዳ የሚነሳው ንፋስ፣ ከኮረብታ ጋር ተላትሞ የሚመለሰው ሽውታ ሁሉ ክንፉን እየመታ ያንገጫግጨዋል። ክንፉ በሰፋ ቁጥር ምቱ ይበረታል። ስለዚህ ማርቲኖች ክንፉን አሳነሱት።

ምን ያህል እንዳሳነሱት በቁጥር ማየት ይሻላል። የኤክስቢ-51 ክንፍ ስፋቱ 51 ካሬ ሜትር ገደማ ሲሆን፣ አውሮፕላኑ ጭነቱን ይዞ 25 ቶን ይመዝናል። እያንዳንዱ ካሬ ሜትር ወደ 5 ኩንታል ይሸከማል ማለት ነው። የካንቤራ ክንፍ 89 ካሬ ሜትር ያህል ነው፤ ክብደቱ 21 ቶን ቢሆን የአንዱ ካሬ ሜትር ድርሻ 2 ኩንታል ተኩል አይሞላም። የሁለቱ አውሮፕላኖች ልዩነት ከሞላ ጎደል እዚህ ቁጥር ውስጥ ነው ብል ብዙ አልተሳሳትኩም። በሸክም የተወጠረው ትንሽ ክንፍ ንፋሱን ሰንጥቆ ያልፋል፤ ኤክስቢ-51 በዝቅታ በሰዓት ወደ 1,040 ኪሎ ሜትር ይደርስ ነበር። በዚያን ጊዜ ለቦምብ ጣይ ይህ የሚያስደነግጥ ፍጥነት ነው።

ትንሽ ክንፍ ግን ዋጋ ያስከፍላል፤ የመጀመሪያው ክፍያ መሬት ላይ ነው። ክንፍ የሚያነሳው በፍጥነት ስለሆነ፣ ትንሽ ክንፍ ያለው አውሮፕላን ብዙ መንደርደር አለበት። ማርቲኖች ለዚህ ያላመጡት መላ የለም። ክንፉ በዝግታም ብዙ እንዲያነሳ፣ ከኋላ ጠርዙ ላይ ከዳር እስከ ዳር የሚዘረጋ ፍላፕ፣ ከፊት ጠርዙ ላይ ስላት የሚባሉ ታጣፊ ክፍሎች ገጠሙለት። ፍላፑ ቦታውን ሁሉ ስለያዘው አውሮፕላኑን ወደ ጎን የማጋደሉ ሥራ ከክንፉ ላይ ብድግ ለሚሉ ሳንቃዎች (ስፖይለሮች) ተሰጠ። ሲነሳ የሚገፉት አራት ትንንሽ ሮኬቶችም ነበሩት።

ከሁሉም የሚደንቀኝ ግን የሚያዘነብለው ክንፍ ነው። ዋናዎቹ ጎማዎች እንደ ብስክሌት ፊትና ኋላ ሆነው ከሆዱ ሥር ተደርድረዋል፤ አውሮፕላኑ እንዳይወድቅ ከክንፉ ጫፎች ሁለት ቀጫጭን ድጋፎች ይወርዳሉ። ማንኛውም አውሮፕላን ሊነሳ ሲል አፍንጫውን ቀና ያደርጋል፤ ክንፉ አየሩን ሽቅብ ተዘንብሎ እንዲገጥመው ነው። የኋላ ጎማው ወደ ጭራው ሲርቅ ግን አፍንጫን ቀና ማድረግ አይቻልም። ስለዚህ ማርቲኖች አፍንጫውን ትተው ክንፉን ራሱን ቀና አደረጉት፤ ከ3 ዲግሪ እስከ 7 ዲግሪ ተኩል በአየርና በመሬት ላይ የሚዘነብል፣ ከአካሉ ጋር በማጠፊያ የተያያዘ ክንፍ።

ውድድሩ የተካሄደው በፌብሩዋሪ 1951 በዋሽንግተን አጠገብ ባለው የአንድሩስ የአየር ኃይል ሰፈር ነው። ካንቤራ ገና ከቀናት በፊት፣ ፌብሩዋሪ 21፣ ከሰሜን አየርላንድ ተነስቶ ነዳጅ ሳይጨምር በ4 ሰዓት ከ37 ደቂቃ ካናዳ ኒውፋውንድላንድ ገብቷል። ከዚያ በፊት እንዲህ ያደረገ ጄት አልነበረም። በአንድሩስ ሲያበረው የነበረው የእንግሊዙ የሙከራ አብራሪ ሮላንድ ቢሞንት ነው።

ካንቤራ ለምን እንዳሸነፈ ለመረዳት አተጣጠፍን ማየት ይጠቅማል። አውሮፕላን የሚታጠፈው በክንፉ ነው። ወደ ጎን ይጋደማል፤ ክንፉ ወደ ላይ ይገፋበት ከነበረው ኃይል ከፊሉ ወደ ጎን ይሳባል። በጠባቡ ለመታጠፍ ክንፉ የአውሮፕላኑን ክብደት ሁለት እጥፍ፣ ሦስት እጥፍ ማንሳት ይኖርበታል። የኤክስቢ-51 አካል የተሠራው ከክብደቱ 3.67 እጥፍ በላይ እንዳይሸከም ነበር። በዚህ ልክ በሰዓት 1,000 ኪሎ ሜትር እየበረረ ቢታጠፍ የመታጠፊያው ክብ ሬዲየስ 2.2 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ፍጥነቱን ወደ 600 ቢቀንስ ሬዲየሱ ወደ 800 ሜትር ይወርዳል፤ ግን ትንሽ ክንፍ በዚያ ፍጥነት ያን ያህል ኃይል ማመንጨት ይቸግረዋል። ሰፊው የካንቤራ ክንፍ ግን ቀስ እያለ፣ በጠባቡ እየዞረ ይበርራል። ኤክስቢ-51 አንዴ አልፎ እንደገና ለመምጣት ሩቅ ሄዶ ነው የሚመለሰው።

ነዳጁም አለ። ሦስት የተጠሙ ሞተሮች ያሉት አውሮፕላን ዒላማ ፍለጋ ብዙ ማንዣበብ አይችልም። በ1950 የኮሪያ ጦርነት ሲፈነዳ አየር ኃይሉን የቸገረው ደግሞ ይኸው ነበር፤ በሌሊት ከጠላት መንገድ በላይ ረጅም ሰዓት የሚቆይ፣ የጭነት መኪና መብራት እየፈለገ የሚያጠቃ አውሮፕላን። ከግንባር አጠገብ ካሉ ሸካራ ሜዳዎች ለመነሳትም በቀጭን ድጋፍ የቆመው የብስክሌት ጎማ አላስተማመናቸውም። በእኔ ግምት ማርቲኖች የወደቁት የመለሱት መልስ ስሕተት ስለነበር አይደለም፤ እነሱ ሲሠሩ ፈተናው ተቀየረ።

ሁለተኛው ናሙና በሜይ 1952 በካሊፎርኒያው ኤድዋርድስ ሰፈር ዝቅ ብሎ ሲገለባበጥ ተከስክሶ አብራሪው ሞተ። የመጀመሪያው ትንሽ ሰንብቶ የፊልም ተዋናይ እስከ መሆን ደረሰ። ዊልያም ሆልደን በተጫወተበት “ቱዋርድ ዘ አንኖውን” ፊልም ላይ “ጊልበርት ኤክስኤፍ-120” በሚል የፈጠራ ስም ታይቷል። ፊልሙ ለሕዝብ ከመቅረቡ በፊት፣ በማርች 1956፣ አውሮፕላኑ ቴክሳስ ኤል ፓሶ ላይ ሲነሳ ወድቆ ሁለቱም ሰዎቹ ሞቱ።

አንድ ነገር ግን ከጥፋቱ ተርፏል፤ የቦምቡ በር። ተራ ቦምብ ጣይ በሩን ሁለት ቦታ ከፍቶ ቦምቡን ከሆዱ ይጥላል። በከፍተኛ ፍጥነት ላይ የተከፈተው ጉድጓድ አየሩን ስለሚያተራምሰው አውሮፕላኑ ይንቀጠቀጣል፤ የሚወድቀውም ቦምብ መንገዱን ይስታል። የማርቲን በር ግን አንድ ወጥ ሳንቃ ሆኖ ቦምቦቹ ከውስጠኛው ፊቱ ጋር ይታሰራሉ። ዒላማው ሲቀርብ ሳንቃው በዘንጉ ላይ ይገለበጣል፤ ቦምቦቹ ውጭ ይገኛሉ፤ ሆዱ ግን እንደተዘጋ ነው። መሬት ላይም ሌላ ጥቅም አለው፤ ሳንቃውን ነቅሎ ቦምብ የታሰረበትን ሌላ ሳንቃ መግጠም ይቻላል።

ማርቲን ካንቤራን ቢ-57 ብሎ ማምረት ሲጀምር የመጀመሪያዎቹን እንደ እንግሊዞቹ ሠራ። ከቢ-57ቢ ጀምሮ ግን የራሱን ተገልባጭ በር አስገባበት። ሁለቱ ዝርያዎች በ1965ቱ የሕንድና የፓኪስታን ጦርነት ፊት ለፊት ተሰለፉ፤ ሕንዶቹ የእንግሊዙን ካንቤራ፣ ፓኪስታኖቹ የማርቲኑን ቢ-57 ይዘው። ኢትዮጵያ በ1960ዎቹ መጨረሻ የገዛቻቸው አራት ካንቤራዎች የመጡት ከእንግሊዝ ስለሆነ፣ የእነሱ በር ሁለት ቦታ የሚከፈተው ነው።