ስልክ የማይሰማው የወፍጮ ድምፅ

ሸነን፣ ጉደር ወይም ጊንጪ ውስጥ ወፍጮ ቤት አጠገብ የተከራየ ሰው ነገሩን ያውቀዋል። መብራት ጠፍቶ ከዋለ ወፍጮው የቀረበትን ሥራ ማታ ይወጣዋል። የድንጋዩ ፍጭት፣ የቺንጋው ፉጨት፣ የሰዉ ጫጫታ በር ሲዘጋ ይቀንሳል። አንድ ነገር ግን አብሮ ይገባል፤ «እምምም» የሚል፣ ከጆሮ ይልቅ ደረት ላይ የሚሰማ ጉርምርምታ። ለጓደኛችሁ ደውላችሁ «ስማው እስቲ» ብትሉት ደግሞ «ምንም አይሰማም እኮ» ይላችኋል።

ጓደኛችሁ አልዋሸም። የተለመደው የስልክ ጥሪ የሚያሳልፈው ከ300 እስከ 3400 ኸርዝ ያለውን ድምፅ ነው፤ ለሰው ንግግር ያ ይበቃል። ኸርዝ ማለት አየሩ በሰከንድ ስንት ጊዜ ይንቀጠቀጣል ማለት ነው። በደቂቃ 1500 ዙር የሚሽከረከር ባለአራት ሲሊንደር የናፍጣ ጄኔሬተር በሰከንድ 50 ጊዜ ይተኩሳል፤ 50 ኸርዝ። የመብራት ኃይላችን 50 ኸርዝ ስለሆነ የሰፈር ትራንስፎርመር የሚያንጎራጉረው በእጥፉ፣ በ100 ኸርዝ ነው። ሁለቱም ከጥሪው ወለል በታች ናቸው። ቀርፃችሁ ብትልኩም የስልኩ ትንሽዬ ስፒከር መልሶ ሊያወጣው አይችልም።

ግድግዳውስ? የ50 ኸርዝ ድምፅ አንዱ ማዕበል ወደ 7 ሜትር ይረዝማል። እንዲህ ያለውን ጭቃ ቤትም ሆነ ብሎኬት በቀላሉ አያቆመውም፤ ቆርቆሮውና መደርደሪያው ላይ ያሉ ብርጭቆዎች እንዲያውም አብረው ይዘፍናሉ። ክፍላችሁ 3 ሜትር ተኩል ገደማ ርዝመት ካለው፣ ማለትም የማዕበሉን ግማሽ ያህል ከሆነ፣ ድምፁ ግድግዳና ጥግ ላይ ይበረታል፣ መሃል ላይ ይደክማል። ስለዚህ አልጋን ከጥግ ማራቅ ቀልድ አይደለም፣ በነፃ የሚሞከር ነው። ጆሮ ውስጥ የሚገባው ስፖንጅ ግን ብዙም አይረዳም፤ ሌላውን ድምፅ አጥፍቶ ጉርምርምታውን ብቻውን ይተውላችኋል።

ሰው ላይ ምን ያደርጋል? እዚህ ላይ የሚወራው ከእውነቱ ይበልጣል። ቲክቶክ ላይ «የማይሰማ ድምፅ ልብ ያቆማል» የሚሉትን እለፏቸው፤ ከወፍጮ ቤት የሚመጣ ነገር እዚያ አይደርስም። የታወቀው ጉዳት ተራ ይመስላል፤ እንቅልፍ ማጣት፣ መበሳጨት፣ ድካም፣ ትኩረት ማጣት። ተራ የሚመስለው በማግስቱ ፈተና ለሌለበት ሰው ነው።

ችግሩ የሚከፋው ክስ ሲመጣ ነው። በአገራችን ደረጃ ለመኖሪያ ሰፈር የተፈቀደው ቀን 55፣ ማታ 45 ዴሲቤል ነው። መለኪያው ግን የሰውን ጆሮ እንዲመስል ተብሎ ዝቅተኛውን ድምፅ ቀንሶ የሚቆጥር ነው፤ 50 ኸርዝ ላይ 30 ዴሲቤል ገደማ ይጥላል። ማለትም 70 ዴሲቤል የሆነ ጉርምርምታ መሣሪያው ላይ 40 ሆኖ ይወጣል። ባለሙያው «ከገደብ በታች ነው» ብሎ ይሄዳል፣ እናንተ ጣሪያ ስታዩ ታነጋላችሁ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1999 ባወጣው መመሪያ ዝቅተኛ ድምፅ ጎልቶ ባለበት ቦታ ይህ አለካክ ተገቢ እንዳልሆነ ጽፏል።

አሁን ወደ ዕቃዎቻችን። ብዙ ሰው «ወፍጮው ቴሌቪዥኔን አቃጠለው» ይላል። ወፍጮው ሊሆን ይችላል፣ ድምፁ ግን አይደለም። ትልቅ ሞተር ሲነሳ ከተለመደው ብዙ እጥፍ ኃይል ይስባል፤ አምፖሉ ደብዘዝ የሚለው ለዚህ ነው። ፍሪጅና ቴሌቪዥን የሚጎዳው ይህ የኃይል መውረድና መብራት ተመልሶ ሲመጣ ያለው ግፊት ነው። መፍትሔውም ስታቢላይዘር ነው እንጂ ከወፍጮ ቤቱ ጋር ስለ ድምፅ መጣላት አይደለም።

ንዝረት ራሱ ኤሌክትሮኒክስ የሚጎዳበት ጊዜ ግን አለ። የማይክሮሶፍቱ ሬይመንድ ቼን እ.ኤ.አ. በ2022 እንደተረከው፣ የጃኔት ጃክሰን «ሪትም ኔሽን» ሲከፈት አንዳንድ ላፕቶፖች ይዘጉ ነበር፤ አጠገባቸው ያሉትም ጭምር! ዘፈኑ ውስጥ ያለ አንድ ድምፅ በውስጣቸው ከሚሽከረከረው ሃርድ ዲስክ የተፈጥሮ ንዝረት ጋር ገጥሞ ነው። ስልካችሁ የሚሽከረከር ዲስክ ስለሌለው ከዚህ ነፃ ነው። ካሜራው ግን ነፃ አይደለም፤ አፕል እ.ኤ.አ. በ2021 የኃይለኛ ሞተር ሳይክል ንዝረት የአይፎን ካሜራን ማረጋጊያ ሊያበላሽ እንደሚችል አስጠንቅቋል። ስልክ መሪው ላይ አስራችሁ ገጠር መንገድ የምትነዱ ልጆች፣ ይህ ለእናንተ ነው።

ወፍጮውን ግን ምን እናድርገው? ኢኮኖሚክስ የተማረ ሁሉ ሮናልድ ኮዝን ያስታውሳል። እ.ኤ.አ. በ1960 የጻፈው ታዋቂ ጽሑፍ ውስጥ አንድ የለንደን ጣፋጭ ሠሪና ጎረቤቱ ሐኪም አሉ። የጣፋጭ ሠሪው መውቀጫ እየተንቀጠቀጠ ሐኪሙ የታማሚ ደረት ማዳመጥ አቃተው። ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ1879 ለሐኪሙ ፈረደ፤ ጣፋጭ ሠሪው በቦታው ቀድሞ የነበረ ቢሆንም። ኮዝ ያለው፣ መነጋገር ወጪ ከሌለው ማንም ይፈረድለት ሁለቱ የሚሻለውን ይስማማሉ ነው። በሚገርም አጋጣሚ የእኛም የፍትሐ ብሔር ሕግ የወጣው በዚያው ዓመት፣ በ1952 ዓ.ም. ነው። አንቀጽ 1225 ባለንብረት ከመልካም ጉርብትና ያለፈ ጭስ፣ ሽታ፣ ድምፅና ንዝረት እንዳያደርስ ይከለክላል። ንዝረት በስሙ ተጠርቷል፤ ዴሲቤል ግን የለበትም። እንዲያውም የአካባቢውን ልማድ እንድናይ ይላል። ስለዚህ ሽማግሌ ፊት ስትቀርቡ መለኪያው ላይ ከመከራከር የሚንቀጠቀጠውን ብርጭቆ ማሳየት ይሻላል። ድምፁን በፍሪኩዌንሲ ከፋፍሎ የሚያሳይ አፕ ካላችሁም 50 ወይም 100 ላይ የቆመውን ሹል ጨምሩበት። የስልኩ መጠን አይታመንም፣ ሹሉ የቆመበት ቦታ ግን ይታመናል።

ወፍጮውን ማዘጋት እኔ አልደግፍም። ሰፈሩ እንጀራ ይበላል፣ ባለወፍጮውም ልጆች አሉት። ሞተሩ ከግድግዳው ተለይቶ በራሱ መሠረት ላይ ቢቆም፣ ከሥሩ ወፍራም ጎማ ቢገባለት፣ የጄኔሬተሩ ጭስ ማውጫ ማርሚታ ኖሮት ፊቱን ከመኖሪያው ቢያዞር፣ የማታ ሥራም ሰዓት ቢቆረጥለት ብዙ ይቃለላል። የጎማውን ዋጋ ማን ይክፈል በሚለው ሕጉና ኮዝ ላይስማሙ ይችላሉ። አምስት ተከራዮች ግን እያንዳንዳቸው የአንድ ወር የኢንተርኔት ጥቅል ዋጋ ቢያዋጡ፣ ባለወፍጮው ቢያንስ ቡና ጠርቶ ያናግራቸዋል።