ግፊት የሚሸከም ብየዳ

የኤክስካቫተርን ክንድ የሚያነሣው የሃይድሮሊክ ሲሊንደር ከውጭ ሲታይ አንድ ወጥ ብረት ቢመስልም፣ በአብዛኛው ወፍራም ግድግዳ ካለው የብረት ቧንቧና በአንደኛው ጫፉ ላይ ከተበየደ ድፍን ክዳን የተሠራ ነው። ፓምፑ ዘይቱን በ250 ባር ግፊት ሲልክ በእያንዳንዱ ካሬ ሴንቲ ሜትር ላይ 255 ኪሎ ግራም ገደማ ክብደት እንደተጫነ ይቆጠራል፤ የቧንቧው የውስጥ ዲያሜትር 80 ሚሊ ሜትር ከሆነ ደግሞ ክዳኑን ነቅሎ ለማውጣት የሚገፋው ኃይል ወደ 13 ቶን ይጠጋል። ይህን ሁሉ የሚይዘው በክዳኑ ዙሪያ ያለው የብየዳ ቀለበት ሲሆን፣ ማሽኑ በተንቀሳቀሰ ቁጥር ግፊቱ ስለሚመጣና ስለሚሄድ ቀለበቱ ሳያቋርጥ ሲወጠርና ሲላላ ይኖራል።

የቧንቧውን ዓይነት የሚወስነውም ይኸው ግፊት ነው። የታመቀ ፈሳሽ ቧንቧውን በጎኑ ለመተርተር የሚፈጥረው ውጥረት በርዝመቱ ለመሳብ ከሚፈጥረው ቢያንስ እጥፍ በመሆኑ፣ በቁመቱ የተበየደ ቧንቧ ስፌቱን ለትልቁ ውጥረት ያጋልጣል፤ ስለዚህ ስፌት አልባው ይመረጣል። ይህም የጋለ ድፍን ብረትን በተንጋደዱ ጥቅልሎች መካከል እያሽከረከሩ በመብሳት የሚሠራ ሲሆን፣ ዘዴውን እ.ኤ.አ. በ1880ዎቹ ያስገኙት ጀርመናውያኑ ወንድማማቾች ራይንሃርድና ማክስ ማንስማን ናቸው።

የሙያው ፈተና ግን ያለው ዓይን በማይደርስበት በብየዳው ሥር ነው። ግድግዳው 10 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በላይ ሲወፍር ከላይ ብቻ የሚሠራ ብየዳ እስከ ታች ስለማይዘልቅ፣ የሁለቱም ቁራጮች ጠርዝ ከ30 እስከ 37 ዲግሪ በሰያፍ ተሞርዶ ሲገጣጠም የ«ቪ» ቅርጽ ያለው ቦይ ይፈጠራል፤ ከሥሩም 2 ወይም 3 ሚሊ ሜትር ክፍተት ይተዋል። በያጁ የመጀመሪያውን መስመር ሲስብ ከቀለጠው ብረት ፊት ለፊት የቁልፍ ቀዳዳ የመሰለች ትንሽ ዓይን ትከፈታለች፤ እርሷ መጠኗን ጠብቃ ከተጓዘች ሁለቱም ጠርዞች እስከ ውስጥ ቀልጠው ተያይዘዋል፣ ከተደፈነች ሥሩ ሳይያዝ ቀርቷል፣ ከሰፋች ደግሞ ብረቱ ወደ ቧንቧው ውስጥ ይንጠባጠባል። ለዚህ መስመር ብዙ ጊዜ የሚመረጠው ቅልጡ በአርጎን ጋዝ የሚከለልበት የቲግ ብየዳ ነው፤ ምክንያቱም ቲግ በኤሌክትሮድ ብየዳ ላይ እንደ ቅርፊት የሚጋግረውን ስላግ አይተውም፤ በዘይቱ መንገድ ላይ የቀረች አንዲት የስላግ ቅንጣት ደግሞ በጥቂት ማይክሮን፣ ማለትም በሚሊ ሜትር ጥቂት ሺኛ ክፍተት ውስጥ የሚንሸራተተውን የቫልቭ ዘንግ ትቧጭራለች።

ከሥሩ ቀጥሎ የሚያስፈራው እርጥበት ነው። ወፍራም ብረት ሙቀትን ፈጥኖ ስለሚስብ ብየዳው በድንገት ይቀዘቅዛል፣ በዙሪያው ያለውም ብረት ጠንክሮ ተሰባሪ ይሆናል፤ ከእርጥብ ኤሌክትሮድ፣ ከዝገት ወይም ካልተጠረገ ዘይት የገባ ሃይድሮጅን በዚህ የጠነከረ ክፍል ውስጥ ተከማችቶ ከሰዓታት፣ አንዳንዴም ከሁለት ቀን በኋላ ይሰነጥቀዋል። ለዚህም የብረቱ የካርቦን መጠንና ውፍረት እየታየ ቧንቧው አስቀድሞ እስከ 100 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድና ከዚያም በላይ ይሞቃል፤ ቦዩን ለመሙላት የሚያገለግለው፣ በ7018 ቁጥር የሚታወቀው አነስተኛ ሃይድሮጅን ያለው ኤሌክትሮድም ከ120 እስከ 150 ዲግሪ በሚሞቅ ምድጃ ውስጥ ይቆያል። ካርቶኑ ተከፍቶ ወለል ላይ ያደረ ኤሌክትሮድ ለመስኮት ፍርግርግ ቢበቃም ለዚህ ሥራ ፈጽሞ አይሆንም።

ዘግይቶ የሚመጣውን ስንጥቅ ላለማለፍ ሲባል የመጨረሻው ምርመራ ብዙ ጊዜ ብየዳው ካለቀ ከ48 ሰዓት በኋላ፣ በአልትራሳውንድ ወይም በራጅ ይደረጋል፤ ቀጥሎም ቧንቧው በፈሳሽ ተሞልቶ አብዛኛውን ጊዜ ከሥራ ግፊቱ እስከ አንድ ተኩል እጥፍ ይፈተናል። አየር ሲታመቅ ብዙ ጉልበት ስለሚያከማችና ቧንቧው ቢፈነዳ ስብርባሪውን ስለሚወረውር ለዚህ ፈተና ፈሳሽ ይመረጣል። ፈሳሽም ቢሆን ከመርፌ ቀዳዳ በምትጠብ ክፍተት ሲወረወር ቆዳን በስቶ ሥጋ ውስጥ ስለሚገባ፣ የገባበትም ሰው ቁስሉ ትንሽ ቢመስል እንኳ ወዲያውኑ ቀዶ ሕክምና ሊያስፈልገው ስለሚችል፣ የሚያንጠባጥብ ቦታ በእጅ አይዳሰስም፤ ከርቀት በካርቶን ቁራጭ ይፈለጋል።